‹እንጃ› ያልኩበት ቀን

ይህ የሆነው በዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ከምርጫው በኋላ፣ ውጤቱ ገና እያጨቃጨቀ በነበረበት ሰሞን። ነገሩን የሚያውቁ የድሮ ባልደረቦቼ ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ ስለ ማሽኑ ነው። "እጅህ እንዴት ተረፈ?" ይሉኛል። እጄስ ተርፏል፤ ይኸው እየጻፍኩበት ነው። እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ ግን ማሽኑ ሳይሆን፣ ከማሽኑ ከወጣሁ በኋላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተናገርኳት አንዲት ቃል ናት።

ያኔ አቃቂ ካሉት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ መካኒክ ነበርኩ። ስሙ ይቆየን። የምሠራው ጥጥ ማበጠሪያ ክፍል ነው። ማሽኖቹ በዕድሜ ይበልጡኝ ነበር። ውስጣቸው ጥርስ ያለው ትልቅ ከበሮ አለ፤ ጥጡን እየቧጠጠ ያበጥረዋል። እጅ ከገባበትም ያው ነው፣ ጥጥና ሥጋ አይለይም። አዳራሹ ውስጥ አርባ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ማሽኖች አንድ ላይ ስለሚጮሁ፣ ሰው የሚነጋገረው ጆሮ ላይ ተጠግቶ ነው።

አብሮኝ የሚሠራው ኤሌክትሪሻን ጋሽ መኩሪያ ይባላል። በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል። ስቀጠር መፍቻ እንኳን በወጉ መያዝ አልችልም ነበር፤ ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው ብል ውሸት አይሆንም። የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሳውም እሱ ስለሆነ አበልጅም ነን። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ብስኩት ይዞ ቤታችን ጎራ ይላል። ልጁን አቅፎ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል።

እኛ ክፍል አንድ ልማድ ነበረን። መካኒኩ ማሽን ውስጥ እጁን ከማስገባቱ በፊት፣ ኤሌክትሪሻኑ አዳራሹ ጫፍ ካለው ቦርድ የዚያን ማሽን ሦስት ፊውዞች ይነቅላል። ያመጣና በመካኒኩ መዳፍ ላይ ያስቀምጥለታል። ከዚያ ጆሮው ላይ የማሽኑን ቁጥር ይናገራል። "አሥራ ሁለት!" ይላል። መካኒኩም "አሥራ ሁለት!" ብሎ መልሶ ፊውዞቹን ደረት ኪሱ ውስጥ ይከታል። ሥራው እስኪያልቅ እዚያው ይቆያሉ። ይህ በየትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም። ጋሽ መኩሪያ ከበፊቶቹ ተማረው፤ እኔም ከሱ ተማርኩት።

ምርጫው ሲመጣ ጋሽ መኩሪያ የገዢው ፓርቲ አባል ነበር። እኔ ደግሞ በቀበሌያችን የተቃዋሚዎች ታዛቢ ሆንኩ። ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ይህ ምንም አላጣላንም። ክርክሩን ጥገና ክፍል ባለችው ሬዲዮ አብረን ነው የሰማነው። የሱ ሰው ጥሩ ሲናገር እሱ ይስቃል፣ የኔ ሰው ጥሩ ሲናገር እኔ እስቃለሁ። በሻይ እንወራረድ ነበር። እውነቴን ነው፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ደስ ብሎኝ ፖለቲካ አውርቼ አላውቅም።

ነገሩ የተበላሸው ከድምፅ መስጫው በኋላ ነው። ሁሉም አሸነፍኩ አለ። ሰፈሩም፣ ታክሲውም፣ ፋብሪካውም ለሁለት ተከፈለ። ክበባችን ውስጥ ሰው ምሳውን ይዞ የሚቀመጠው ጠረጴዛ እየመረጠ ሆነ።

አንድ ቀን እዚያ ክበብ ውስጥ ስለ ቆጠራው ተነሳና ጋሽ መኩሪያ "ትንሽ ብንታገስ ምን አለ፣ ገና አልተጣራም" አለ። ያለው ይህንን ብቻ ነው። እኔ ግን የታዛቢነት ነገር አናቴ ላይ ወጥቶብኝ ነበር። ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ኅሊናህን ሸጠህ ነው የምትበላው አልኩት። እሱ ማንኪያውን አስቀመጠና "እኔ የማዝነው አንተን ባስተማርኩበት ጊዜ ነው" አለኝ። ሳህኑን ይዞ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አልተነጋገርንም። ብስኩቱም ቀረ። ልጄ በመጀመሪያው እሁድ ጠየቀ፣ በሁለተኛውም ጠየቀ፣ በሦስተኛው ተወው። ባለቤቴ ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቅ ለመነችኝ። እኔ ቀድሜ ባናግረው ሞቼ ልገኝ አልኳት። እሱም ቤቱ እንደዚያው ሳይል አይቀርም።

ሥራው ግን አይቀርም። የሥራ ትዕዛዙ ወረቀት በሁለት ቅጂ ይመጣል፣ አንዱን እሱ አንዱን እኔ እንወስዳለን። እሱ ፊውዙን ይነቅልና መሣሪያ ሳጥኔ ላይ አስቀምጦ ዞር ይላል። እጅ ለእጅ መስጠት ቀረ። ቁጥር መጥራትም ቀረ። እኔም ከሳጥኑ ላይ አንሥቼ ኪሴ እከታለሁ። ሁለታችንም የተማርን፣ ሥራ የምናውቅ ሰዎች ነን እኮ! በሦስት ሳምንት ውስጥ አንዳችንም ይህ ነገር ያስገድላል አላልንም።

ያን ቀን ጠዋት የመጣው ወረቀት ማሽን ቁጥር ስድስት ይጮሃል የሚል ነበር። ስድስትንና ሰባትን የምታሠራው አለሚቱ የምትባል ቀልጣፋ ሴት ናት። ጆሮዬ ላይ ተጠግታ ወረቀቱ ተሳስቷል፣ የሚጮኸው ሰባት ነው፣ ስድስት ደህና ነው፣ ጥጥ አልቆበት ነው የቆመው አለችኝ። ሰባትንም በቁልፉ አጥፍታ ቁርሷን ልትበላ ሄደች። ሁለቱም ማሽኖች ቆመው ነበር።

ዞር ስል ፊውዞቹ ሳጥኔ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ መኩሪያ አስቀምጦ ወደ ቦርዱ ተመልሷል። እዚህ ላይ ማድረግ የነበረብኝ ነገር ምንም አያሻማም። ሃያ እርምጃ ሄጄ "ጋሼ፣ ሰባት ነው" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን አለሚቱ ለሱም ነግራዋለች ብዬ ገመትኩ። ገመትኩ ስል ራሴን እየሸነገልኩ ነው። ልጠይቀው ስላልፈለግኩ ነው የገመትኩት።

ፊውዞቹን ኪሴ ከተትኩና የሰባትን የጎን ክዳን ፈታሁ። ተንበርክኬ ቀኝ እጄን እስከ ትከሻዬ አስገባሁ። ድምፁ የሚመጣው ከታች በኩል ስለነበረ ጭንቅላቴንም ጠጋ አድርጌ ነበር።

በዚያው ሰዓት የፈረቃው ኃላፊ በሌላው ወገን መጣ። ያን ሰሞን ምርት ቀንሷል እየተባለ ይወቀሳል። ሁለት ማሽን ቆሞ ሲያይ ተናደደ። ማሽኑ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ እኔን አላየኝም። እጁን ወደ ሰባት ማስነሻ ቁልፍ ሰደደ። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

እኔ የማውቀው ድንገት አዳራሹ ጸጥ ማለቱን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ በሥራ ሰዓት እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። መብራቱም አብሮ ጠፋ። አርባው ማሽን እየጎተተ፣ እየጎተተ ቆመ። ከዚያ ጸጥታ ውስጥ የጋሽ መኩሪያ ድምፅ መጣ።

"ዳኜ! እጅህን አውጣ!"

አወጣሁ። ኪሴ ውስጥ ያሉትን ፊውዞች በጨርቁ ላይ ዳበስኳቸው። ወረቀቱ ያዘዘው የስድስት ናቸው። ወዲያው ገባኝ፤ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሽ መኩሪያ ቦርዱ ጋ ዋናውን ማጥፊያ እንደያዘ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ተያየን። ይታያችሁ፣ ያኔም አልተነጋገርንም።

ያን ማጥፊያ ማውረድ ቀላል ነገር አይደለም። ጥጡ አርባው ማሽን ውስጥ ይታነቃል፤ ለማጽዳት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ደግሞ በዚያ ሰሞን ሥራ ቆመ ማለት አድማ ማለት ነበር። ኃላፊዎች እየሮጡ መጡ። ማን አቆመው ተባለ። ጋሽ መኩሪያ እኔ ነኝ አለ። ለምን ሲሉት እጁን ዘርግቶ ወደኔ አሳየ። ተጠርቶ ወደ ቢሮ ሄደ።

እኔ ፊቴን ልታጠብ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። አበራ ተከትሎኝ ገባ። አበራ እንደኔ የተቃዋሚዎች ታዛቢ የነበረ፣ ከኛው ክፍል የሆነ ሰው ነው። በሩን ዘጋና "ሰባትን ሳይነቅል ነው ያስገባህ አይደል?" አለኝ። ቧንቧውን ከፈትኩ። "ሆን ብሎ ነው?" አለኝ።

እኔ በዚያች ደቂቃ እውነቱን አሳምሬ አውቄዋለሁ። ወረቀቱ ስድስት ይላል። ፊውዞቹ የስድስት ናቸው። ሰባት ውስጥ ራሴ ነኝ የገባሁት። "አይ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ማለት ይበቃ ነበር። አፍሬያለሁ፣ ተናድጃለሁ። ክበብ ውስጥ የተናገረኝም ከሆዴ አልወጣልኝም።

"እንጃ" አልኩት።

ከዚህ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። እውነቱን ልናገርና፣ ስለው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አበራ ወጣ። እኔ ፊቴን ታጥቤ፣ ቱታዬን አራግፌ እስክወጣ፣ የኔ እንጃ ሌላ ነገር ሆና ጠበቀችኝ። አንዱ ትከሻዬን መታ አድርጎ እግዜር አተረፈህ አለኝ። ሌላው ካድሬው ሊጨርስህ ነበር አለኝ። ሦስተኛው ደግሞ ዳኜ ራሱ አረጋግጧል እያለ ለሌሎች ሲያወራ እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አላረምኩትም። ጥጥ መጋዘኑ ጋ ሄጄ ጥላ ላይ ተቀመጥኩ። ወሬው ይበርዳል፣ ሰው ነው፣ ሲደክመው ይተወዋል አልኩ። ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት እንደዚያው ተቀመጥኩ።

ስምንት ሰዓት ፈረቃ የሚቀየርበት ነው። የሚወጣውና የሚገባው ሠራተኛ ግቢው ውስጥ ተገናኘ። ወሬው የሰማውም ያልሰማውም ጋ ደረሰ። ጋሽ መኩሪያ ከቢሮ ተመልሶ ልብሱን ሊቀይር ጥገና ክፍል ገብቶ ነበር። ሰዉ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ካድሬው ይውጣ የሚል ድምፅ ተሰማ። አንዱ ብረት ይዟል። የሱ ወገን የሆኑትም አምስት ስድስት ሆነው በሩ ላይ ቆመዋል፤ እነሱም ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። ጥበቃዎቹ ፖሊስ ይጠራ፣ አይጠራ እያሉ ይከራከራሉ። በዚያ ሰሞን ፖሊስ ከተጠራ ምን ሊመጣ እንደሚችል ማንም አያጣውም።

አለሚቱ እየፈለገችኝ መጋዘኑ ጋ መጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች።

"አንተ፣ ሰባት ነው ብዬ የነገርኩህ ላንተ ነው። ለሱ አልነገርኩትም። ነግረኸዋል?"

"አልነገርኩትም።"

"ታዲያ እዚህ ቁጭ ብለህ ምን ትጠብቃለህ? የልጅህን ክርስትና አባት ሊገድሉት ነው እኮ!"

ተነሣሁ። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ የሷ ዓይን አስነሥቶኝ ነው። ሰዉን እየገፋሁ በሩ ድረስ ሄድኩ። እኔን ሲያዩ መንገድ ለቀቁልኝ፤ የደረሰብኝ ግፍ አለ ብለው ነዋ። አንድ የጥጥ ጥቅል ላይ ወጣሁ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ። "የታዘዝነው ስድስት ነው። እሱ ስድስትን ነቅሏል። ሰባት ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ። አልነገርኩትም፤ ስለተኳረፍን አልነገርኩትም። እሱ ባያጠፋው ኖሮ ዛሬ እጄ የለም።"

ፊውዞቹን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። ከሩቅ ያለው ፊውዝ መሆኑንም አያይም፣ ግን የማደርገው ጠፍቶኝ ነው። ከዚያ አበራ፣ ከፊት ቆሞ የነበረው አበራ፣ "ጠዋት እንጃ አላልከኝም?" አለኝ። ብዬሃለሁ፣ ዋሽቼ ነው አልኩት። አንዱ ተገዛህ እንዴ ብሎ ጮኸ። ሌላው ሳቀ። አንዲት ሴት ልጆቻችሁን አሳድጉ፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ አለች። ብረት የያዘውም ሰውዬ ብረቱን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ሲያገላብጠው አየሁት።

እነዚያ በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች አሳለፉኝና ገባሁ። ጋሽ መኩሪያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንድ እግሩን ጫማ አድርጓል፣ ሌላውን ጫማ እጁ ላይ ይዞ ቀርቷል። የኔን ንግግር በበሩ ሰምቶታል። ተንበርክኬ ጫማውን ተቀበልኩትና አጠለቅኩለት። ከዚያ ክንዱን ይዤ ወጣን። ግቢውን አቋርጠን፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ሄድን። የሰደበን አለ፣ የነካን ግን የለም። ዋናው በር ላይ ስንደርስ የሱ መዳፍ ይሁን የኔ እንጃ፣ በላብ ርሷል።

እስከ ቤቱ በእግራችን ሄድን። መንገድ ላይ መጀመሪያ የተናገረው፣ ልጁ አደገ ወይ ብሎ ነው። ሦስት ሳምንት እኮ ነው ጋሼ አልኩት። እኔ ረዝሞብኝ ነው አለኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት፣ መንገድ ላይ።

ለሁለታችንም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠን። ይገባናል። አበራ ለረጅም ጊዜ ዘጋኝ፤ በኋላ በአንድ ለቅሶ ላይ ተገናኝተን ታረቅን። ጋሽ መኩሪያ ከፓርቲው አልወጣም፣ እኔም ሐሳቤን አልቀየርኩም። የሚቀጥለው ምርጫ ሲመጣም ተከራክረናል፣ አንዳንዴም ከበድ አድርገን። ግን ከክርክሩ በፊት የእጅ ሰላምታ፣ ከክርክሩም በኋላ ሰላምታ የሚል ነገር አመጣን። ሰዉ ይስቅብን ነበር። ሁለቱ ጨባጭ ሽማግሌዎች ይሉን ነበር፤ እኔ እንኳን ሽማግሌ አልነበርኩም።

ጋሽ መኩሪያ ጡረታ ወጥቶ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ገባ። አራተኛ ፎቅ፣ በዚያ ጉልበቱ! አንድ ቀን ልጠይቀው ሄጄ፣ ባለቤቱ ገበያ ወጥታ ብቻችንን ነበርን። ስለዚያ ቀን አንሥተን አናውቅም ነበር። እኔ ግን ከብዶኝ ስለኖረ ተነፈስኩት። አበራ ሲጠይቀኝ እንጃ ያልኩት ደንግጬ አልነበረም፣ ልጎዳህ ፈልጌ ነው አልኩት።

በመስኮቱ አሻግሮ አየ። ይቀየመኛል ብዬ ፈራሁ።

"እኔም ያልነገርኩህ አለ" አለኝ። "ሰባትን ስትፈታ አይቼሃለሁ። ቦርዱ ጋ ቆሜ ነበር። እንደተሳሳትክ ገብቶኛል።"

"ታዲያ ለምን አልመጣህም?"

"አንተ መጥተህ እስክትጠይቀኝ ነዋ የምጠብቀው። እኔ ቀድሜ አላናግረውም ብዬ ቆምኩ። እጅህን ስታስገባም ቆሜ ነበር። ያ የፈረቃ ኃላፊ ባይመጣ ኖሮ እስከ ስንት ሰዓት እንደምቆም አላውቅም።"

የተናደድኩ መሰለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። እሱም ሳቀ፣ ግን ዓይኑ እንባ አቅሮ ነበር። ባለቤቱ ገብታ ምን ሆናችሁ ስትለን ምንም አልናት።

አልተቀየምኩትም። ምን ብዬ እቀየመዋለሁ? እሱ እኔን አልጠላኝም ነበር፣ እኔም አልጠላሁትም። ክፉ ቀን ቢመጣ አንዳችን ለሌላው እንሞት ነበር። ቀድሞ መናገር ብቻ ነበር ያቃተን።

ዛሬ ከሰው ጋር ስኳረፍ፣ ጥፋቱ የሱ ቢሆንም እንኳን፣ ቀድሜ ሄጄ እንደምን አደርክ እላለሁ። ልጆቼ አባባ ሞኝ ነው ይላሉ። ይበሉኝ።